ያልቀመስነው ቆጮ

ሶሻል ወርክ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዲላ ውስጥ የትኛውም ቢሮ ብገባ «ቲቸር!» ብሎ የሚነሳልኝ አይጠፋም፤ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። አንዲት ልጅ ትዝ ስትለኝ ግን ይሄ ሁሉ ፕሮፌሰርነት ያንገሸግሸኛል።

ለመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎቼን አንድ ሕግ አጥብቄ አስይዛቸው ነበር፤ ልትረዱ በገባችሁበት ቤት እህል ውኃ አትቅመሱ። ድሃ ያለችውን አሟጦ ያቀርብላችኋል፣ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ እላቸው ነበር። የጣሰውን ማርክ እቀንስበት ነበር። ቁጡ ነኝ፣ ያውቁኛል።

አንድ ጊዜ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወደ ቡሌ ወጣን። መኪናውን ጭቃ ስለያዘው ግማሹን መንገድ በእግራችን ነው የሄድነው። የምንሄደው ሸክላ ሠርተው ከሚያድሩ አንዲት ባልቴት ዘንድ ነበር። የልጅ ልጃቸው ከሰባተኛ ክፍል ልታቋርጥ ነው ተብለን፣ እንድትቀጥል ልናግባባ። ተግባባን። ልጅቱ ሳቀች፤ ሰኞ እመለሳለሁ አለች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ትኩስ ቆጮ ከጎመን ጋር በእንሰት ቅጠል ይዛ መጣች።

ተማሪዎቼ አዩኝ። እኔም «እግዜር ይስጥልን፣ በልተን ነው የመጣነው» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። አሮጊቷ «ትንሽ ቅመሱላት» አሉ። እምቢ አልን። ልጅቱ ቅጠሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

እኔ እኮ የወናጎ ልጅ ነኝ! ሸክላ ሠሪ ቤት እህል አይቀመስም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ማሰሮ ሊሸጡ ለሚመጡ ሴቶች ውኃ የምትሰጥበት ጣሳ ለብቻው ደጅ ነበር የሚሰቀለው። ይህን የማያውቅ የሩቅ ሰው ቢሳሳት እሺ። እኔን ምን ነካኝ?

ሰኞ ልጅቱ ትምህርት ቤት አልሄደችም። የሠራሁት ነገር የገባኝ ዳይሬክተሩ ደውሎ ሲነግረኝ ነው። በማግስቱ ብቻዬን ወደ አሮጊቷ ቤት ወጣሁ። በሩ ላይ ቆሜ «እናቴ፣ ርቦኛል፤ የሚበላ ይስጡኝ» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ የደረቀ ቆጮ አቀረቡልኝ። ፍርፋሪ ሳላስቀር በላሁ።

«ልጅቱስ?» አልኩ።

«ከደላላ ጋር ሄደች፣ ሰው ቤት ልትሠራ። የተማሩትም ከተጸየፉን ተምሬ ምን ልሆን ነው አለችኝ» አሉ። ደግሞም፣ «ያን ቀን ቆጮውን የጋገረችው እሷ ነበረች። ይበሉልኝ እንደሆነ ልያቸው ብላ» አሉኝ።

ሕጉን ከዚያ ወዲያ አላስተማርኩትም። ይርጋጨፌም ሐዋሳም አፈላለግኳት፣ የለችም። አሁን ሰው ቤት ተጋብዤ ምግብ የምታቀርብ ሠራተኛ ስትመጣ ቀና ብዬ ፊቷን አያለሁ። ያመጣችውን ሳልበላ አልነሳም።