ማንን ነው የምትከሺው?

ባለቤቴ ሞጣ መምህር ነበር፤ እኔ ቢቸና አጠገብ እርሻችንን እጠብቅ ነበር። ማስተማሩን ትቶ ውጭ አገር የከብት ሕክምና ሊማር ቪዛ ሲጠይቅ፣ ኤምባሲው ሙያውን ለምን እንደቀየረ ሚስቱም በደብዳቤ ትመስክር አለ። ፊደል ብቆጥርም ደብዳቤ መጻፍ አይሆንልኝም። ስለዚህ ልጄን አዝዬ ቢቸና ፍርድ ቤት ደጅ ወደሚቀመጡ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄድኩ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የጻፉት የርስት ክርክር ነው።

«ማንን ነው የምትከሺው?» አሉኝ።

«ማንንም አባቴ። በሬዎቻችንን በሽታ ፈጃቸውና ባሌ የከብት ሐኪም ልሁን አለ።»

«በሬ ሞተ ተብሎ አቤቱታ አይጻፍም። አንቺን ማን በደለሽ?»

«ማንም። ሄዶ እንዳይቀርብኝ ብቻ ነው የምፈራው።»

«ታዲያ እሱን አትነግሪኝም?» ብለው ብዕራቸውን ከቀለሙ ነከሩ።

ጽፈው ሲሰጡኝ ረጅም ስለሆነብኝ ሳላነበው ፈርሜ ለኤምባሲው ላክሁት። ኋላ ቤቴ ቅጂውን ፊደል በፊደል ሳነበው፣ ከሳሽ እኔ፣ ተከሳሽ ባሌ ሆነን፣ «በሬዎቻችን በበሽታ ቢያልቁ የከብት ሐኪም ልሁን ብሎ ሊሄድ ነውና፣ ተመልሶ ለመምጣቱ ዋስ ይጥራልኝ» ይላል። የባሌን ዕድል በገዛ እጄ ዘጋሁ አልኩ።

ከወር በኋላ ባሌ መልሱን ይዞ ከሞጣ መጣ። «አንብቢው» ብሎ ሰጠኝ።

«ሙያውን የቀየረበት ምክንያት ታምኖበታል። ዋስ ግን አንቀበልም፤ ከሳሿ ከነልጇ አብራው ትሂድ።»