ካቡን በቀኝ

አሮጊቷ ከገዳም ገዳም የሚያደርሳቸውን አውቶብስ እንደገና አስቆሙት። ተሳላሚዎቹን የሚመራው ጂግመት የአሮጊቷን ስም ገና አልያዘም፤ የሚያውቀው ጀርባቸው ላይ የጣሉትን የበግ ለምድ፣ የተጣፈ ወይን ጠጅ ቀሚሳቸውንና ጥፍር የሌለውን አውራ ጣታቸውን ብቻ ነው። ጸሎት የተቀረጸበት የድንጋይ ካብ ከመንገዱ በስተግራ ብቅ ባለ ቁጥር እሳቸው ይወርዳሉ። በእምነታቸው እንዲህ ያለ ካብ የሚታለፈው በቀኝ ተደርጎ ነውና፣ በወዲያኛው ጎኑ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አዝግመው ጫፉ ላይ ይሳፈራሉ።

«እማማ፣ በዚህ አያያዝዎ ገዳሙ ራሱ ቢመጣልን ይሻላል» አላቸው ሹፌሩ።

«ይምጣ። ሲመጣ ግን እሱም ካቡን በቀኝ አድርጎ ይምጣ።»

ጂግመት ሊደግፋቸው አብሯቸው ወረደ። ፊታቸው ሠርግ እንደተጠራ ሰው ፈክቷል።

«እማማ፣ ለምን ይደክማሉ? መንገዱን ካቡን በግራ አድርገው ያወጡት ሠሪዎቹ ናቸው። ኃጢአቱም የእነሱ ነው።»

አሮጊቷ ጥፍር አልባ ጣታቸውን ካቡ ላይ አሳረፉ።

«ሠሪዎቹማ እኛው ነን፣ ልጄ። ድንጋይ ስፈልጥ መዶሻው ጥፍሬን የወሰደው እዚሁ ነው። አለቃው በዚህ በኩል ቁረጡ ሲለን፣ እንጀራችን እንዳይቀር ብለን አንዳችንም ትንፍሽ አላልን።»

ጂግመት ደግፎ አሳፈራቸው። ቀጣዩ ካብ በስተግራ ብቅ ሲል፣ አሮጊቷ ለማስቆም እጃቸውን ሳያነሡ እሱ ራሱ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገው።

«አቁም» አለው። «ሁላችንም እንወርዳለን።»