ቃል ያልተሰጣት እናት

ልጅ ሳለሁ ሚዛን ተፈሪ ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር መብራት ይሄድ ነበር፤ ዝናቡ ደግሞ የሚጠፋበት ሰሞን ጥቂት ነው። ያኔ አባቴ ፋኖሱን ለኩሶ፣ የከሰሉን ማንደጃ ወደ እግሩ ሳብ አድርጎ፣ ዳሩ የተበላ አንድ አሮጌ የቴአትር መጽሐፍ ያነብልን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰሙ ሲያመሹ፣ እኔ ልጁን ከቤት ስላባረረ ኩሩ አባት ሰምቼ አደግሁ። ልጁ የአባቱን ቃል ያፈርሳል፣ አባቱ «ውጣ» ይለዋል፣ ልጁም ላይመለስ ይሄዳል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አባቴ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ የአማርኛ መምህር ነበር። ሲያነብ ድምፁን አይለዋውጥም፤ ጌታውም ሎሌውም በእሱ አፍ አንድ ሰው ናቸው። በቅንፍ የተጻፈውን ደግሞ ጭራሽ ይዘለዋል። «እሱ ለተጫዋቾቹ ነው፤ ለእኛ ቃሉ ይበቃናል» ይል ነበር። ቴአትር ይነበባል እንጂ አይታይም፣ መድረክ ላይ ሲወጣ ቃሉ በጩኸትና በልብስ ይበላሻል ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ንባቡ ይጥመኝ ነበር። ከሰሉ አመድ እየለበሰ ሲሄድ የሰዎቹን መልክ እንደፈቀድሁ እስል ነበርና፣ ለተባረረው ልጅ የወንድሜን ፊት ሰጠሁት።

ወንድሜ ትምህርቱን አቋርጦ ቴፒ የቡና እርሻ ውስጥ ሥራ ይዞ ነበር። አባቴ እንደ ራሱ መምህር እንዲሆን ይፈልግ ስለነበር «ከእንግዲህ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጥ» አለው። ወንድሜ የላካቸውን ሽማግሌዎችም «የቤቴ ጉዳይ ነው» ብሎ ከበር መለሳቸው። እናቴ ያን ቀን ምስር ትለቅም ነበር፤ መልቀሟን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ስሙ በቤታችን አልተነሣም። አባቴ ግን ያችን የማባረር ክፍል ከሌላው ይልቅ ደጋግሞ ማንበብ ጀመረ። አሁን ሳስበው፣ ፍርዱ ትክክል መሆኑን ለራሱ ሲያነብለት የነበረ ይመስለኛል።

ዓመት ሊሞላ ሲል መምህራንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ተሰባስበው ያንኑ ቴአትር በከተማው አዳራሽ ሊያሳዩ ተነሡ። አባቴ «ምን ምኑን እንደሚያበላሹት ልይ» ብሎ እናቴንና እኔን ይዞ ሄደ። መጽሐፉንም አልተወም። ከፊት ተርታ ተቀምጦ ጉልበቱ ላይ ዘረጋውና የሚባለውን በጣቱ ይከተል ጀመር። አንዱ ተዋናይ ቃል በዘለለ ቁጥር ከንፈሩን ይመጥጣል። መድረኩን ቀና ብሎ ያየው አልመሰለኝም።

እኔ ግን አየሁት። አባትና ልጅ ሲፋጠጡ እናትየዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። የምትጫወታት ከማሻ የመጣች ነርስ ነበረች። አባቴ ሲያነብልን በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እናትየዋ ከቅንፍ በቀር ቦታ፣ የምትናገረውም ስለሌላት ለእኔ አልነበረችም። እዚህ ግን የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች አንዴ ባሏን፣ አንዴ ልጇን ታያለች። ከእሷ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ልክ አባትየው እጁን ወደ በሩ ሲዘረጋ ሐጂ ሸምሱ ከተመልካቹ መካከል ተነሡ። ሐጂ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የከተማው ጠብ ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይበርድም፤ ቴአትር ግን አይተው አያውቁም።

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉት ተዋናዩን፣ በሽምግልና ድምፃቸው። «እናትየዋ እዚያ ቆማለች እኮ። እሷ ሳትጠየቅ ምኑ ተወሰነ? እናትየዋስ ምን ትላለች?»

የሳቀ ነበር፤ ብዙው ግን «እውነታቸውን ነው፣ ትጠየቅ» አለ። ተዋናዩ ቁጣው ጠፍቶት፣ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም ወደ ነርሷ ዞረ። ምስኪን፣ ደራሲው አንድ ቃል አልተወላትም፤ ወደ መጋረጃው ብታይም የሚያቀብላት የለም።

አባቴ መልሱን ከመጽሐፉ ፈለገ። ገለጠ፣ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። ከዚያ ቀና አለና በሩ አጠገብ የቆመችውን ሴት ገና ያኔ አያት።

«ይግባ ትላለች» አለች እናቴ።

ድምፅዋ ከእኛ አግዳሚ ወንበር አላለፈም። ይህን ስትል መድረኩን እንጂ አባቴን አላየችም። እኔ ፈራሁ። አባቴ መጽሐፉን ዘጋው።

ሐጂን ለምነው አስቀመጧቸውና ትርኢቱ ቀጠለ፤ ልጁም እንደተጻፈው ተባረረ። ያን ተዋናይ ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሰላምታ የነሡት ሰዎች ነበሩ። እኛ በጭቃው ውስጥ ወደ ቤት ሄድን።

ጥቂት ቀናት አለፉ። እራት ላይ አባቴ እንጀራውን እየቆረሰ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ፣ «ስለ ልጁ ... አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ። ሲጠይቃት ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ነግሬሃለሁ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሄዶ በቴፒ መኪና ተሳፈረ፤ ማታ ከወንድሜ ጋር ተመለሱ። ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ነግረውን አያውቁም። በሩን የከፈተችው እናቴ ነበረች።

እኔ እስካሁን ቴአትርን ከማየት ይልቅ ማንበብ ይቀናኛል፤ በዚህ የአባቴ ልጅ ነኝ። ፋኖሱና ከሰሉ ያሳዩኝን ያህል ያሳየኝ መድረክ የለም። ቅንፍ ግን አልዘልም። አባቴ በኋላ ዘመኑ ያን መጽሐፍ ለወንድሜ ልጆች ሲያነብ እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አልወደደችውም።

«ያን ያህል ካቆሟት» ትል ነበር፣ «ምናለ አንድ ቃል ቢሰጧት?»