አባቴ ሊጠግነው የታገለው ሮክ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ በስደት አገር ላለችኝ ስፓዛ፣ ለትንሿ ሱቄ፣ ዕቃ ልገዛ ፎርድስበርግ የሚባለው ሰፈር ወርጄ፣ አሮጌ የዘፈን ሸክላ ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ደጃፍ የሚያጉረመርም ጊታር ሰማሁና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ባባ፣ ስፒከርዎ ተቀዷል» አልኳቸው። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁብኝ፤ ስፒከሩ ደህና ነው፣ ሳይኬደሊክ ሮክ ነው አሉኝ። ምን ላድርግ፣ የአባቴ ልጅ ነኝ።

አባቴ ሆሳዕና ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አንድ ክረምት፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን፣ ቁልፉ አልጫን ያለውን ቴፑን ካሴት እንደጎረሰ አመጣለት። አባቴ ቁልፉን በአፍታ ሠርቶ ቢከፍተው፣ ጊታሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ከበሮው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዘፋኙም ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የሚጣራ ይመስላል። አባቴ ክው አለ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ወጣት ጠጋኝ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ እየነጠቀው ነበርና፣ አስተማሪው ይህን ጩኸት ተሸክሞ ወደዚያ ከተሻገረ የአባቴም ስም አብሮ መሻገሩ ነው።

ሦስት ቀን ታገለው። የካሴቱን ክር የሚያነበውን ሄድ በአልኮል ጠረገ፣ ላስቲኩን ቀየረ፣ የቤታችንን ሬዲዮ ስፒከር ነቅሎ ገጠመበት፤ ጩኸቱ ይባስ ብሎ ጥርት አለ። በሌላ ካሴት እንዳይሞክረው፣ ቤታችን ያለው አንድ የመዘምራን ካሴት ብቻ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ጋኔን ባደረበት ቴፕ መዝሙር አላስገባም ብላ ካሴቱን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ትውላለች።

አስተማሪው ሲመጣ አባቴ አንገቱን ደፍቶ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቅቶኛል» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበርና ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። አስተማሪው ግን ጥቂት እንዳዳመጠ በሳቅ ፈረሰ። ዘፈኑ ራሱ እንዲህ ነው አለ፤ በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ፣ አሜሪካና እንግሊዝ የነበሩ ወጣቶች በአደንዛዥ ዕፅ ሲናውዙ ያዩትን ቅዠት በድምፅ ሊያሳዩ ብለው፣ ጊታሩን ሆን ብለው ያሻክሩታል፣ ክሩን ገልብጠው ወደ ኋላ ያጫውቱታል፣ ማሚቶ ይጨምሩበታል። ዕድሜውን የተበላሸ ድምፅ ሲያቃና የኖረው አባቴ፣ ደህናውን ለማበላሸት የሚደክም ሰው መኖሩን ሲሰማ ከልቡ ተቀየመ። «የሚመክራቸው ሽማግሌ አልነበረም?» አለ።

ከዚያ ካቻቢቴውን አስቀመጠና «እስቲ ከመጀመሪያው» አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስህተት ሳይፈልግ፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ድምፅን እንዲሁ ሲያዳምጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ስልኬ በዚያ ዘመን ሮክ ተሞልቷል፤ ልጆቼ «ፓፓ፣ ፕሊስ!» እያሉ ጆሯቸውን ይይዛሉ። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው፤ የመኖሪያ ወረቀቴ አላልቅ ብሎ ለቀብሩም አልደረስኩ። በስልክ ስለ ጤና፣ ስለ ሱቅ፣ ስለ ዝናብ ስንት ዓመት አወራን። ዘፈኑን ወዶት እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።