የባለቤቴ የመጨረሻ መልእክት በትልልቅ ፊደል

የሥራ ባልደረባዬ ዋሽቶኛል። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ የላከችልኝን መልእክት ቂሊንጦ፣ የምንሠራበት ፋብሪካ በር ላይ «አንብብልኝ» አልኩት። «‹ደህና ነኝ› ነው የምትለው፤ ባክህ ግባ» አለኝ። እኔ ብቀር ፈረቃዬን የሚሸፍነው እሱ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሥራ ላይ እያለሁ ሞተች።

ጥርጣሬው ዕረፍት ሲነሳኝ ጊዜ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠርኩ። የለመድኩት ግን የጥቁር ሰሌዳ ፊደል ነው፤ የስልኩ የጉንዳን መንጋ ሆነብኝ። ልጄ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ የጽሑፉን መጠን እስከ ጥግ ወሰደችው። «አባዬ፣ አሁንማ ሳሪስ ሆነውም ያነቡታል!» ብላ ሳቀችብኝ።

እሷ ስትወጣ መልእክቱን ከፍቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «እየደከመኝ ነው። ቶሎ ና።»

ስልኩን ባጠፋውም ቃሉ ዓይኔ ላይ አለ። እውነቱ የለየልኝ፣ ራሴ ያነበብኩት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው።