ሦስት ሞተር በአንድ ቧንቧ

ሞተር ሲጮህ እየሰማሁ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ፍኖተ ሰላም ቤቴ ምሳ ቀርቦልኝ እንኳ የጎረቤት ወፍጮ ድምፁ ከተቀየረ የጎረስኩትን ማላመጥ እተዋለሁ። ባለቤቴ «ብላ እንጂ፣ የጠራህ የለም» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን ጆሮዬን ምን ላድርገው? የፓምፕ ጥገና ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ዕረፍት የሚባል ነገር አላውቅም።

ያን በጋ ግን የጠሩኝ ነበሩ። የአባቴ እህት ከቡሬ መንገድ ወረድ ብሎ፣ የመስኖው ቦይ የሚያልቅበት ላይ ሽንኩርት ተክለዋል። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መሬታቸውን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው ሲሠሩት ኖሩ። ቡሬ ከተማ ያለችው ልጃቸው «ለእኩል ስጭውና እኔ ጋ ነይ» እያለች ብትወተውታቸውም አልሰሟትም። ያን ዓመት ግን የቦዩ ውሃ ስላልደረሳቸው ሽንኩርቱ ዓይናቸው እያየ ጠወለገ። መሬቱን ለእኩል ልረከብዎ ያላቸው አንድ ሰው ግን የራሱ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ስላለው ከወንዙ ስቦ ያጠጣል።

«እስከ ቅዳሜ ውሃ ካልደረሰኝ ቃሌን እሰጠዋለሁ» አሉኝ በስልክ። ስለ ሌላ ሰው መሬት የሚያወሩ ይመስል ነበር። ደነገጥኩ። አክስቴ ከዚያች ማሳ ወጥተው የልጃቸው ሳሎን ውስጥ እንግዳ ሆነው ሲቀመጡ ታየኝ። በማግስቱ መፍቻዬን ይዤ ገሰገስኩ።

ወንዙ ዳር ሦስት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። የላይኛው፣ የመካከለኛውና የታችኛው መንደር አንድ አንድ ሞተር አዋጥተው ገዝተዋል። ሦስቱም ውሃቸውን በአንድ ቧንቧ ኮረብታው ላይ ወዳለው ገንዳ ያወጣሉ፤ ከገንዳው ደግሞ ቦዩ ወደ ማሳዎቹ ይወርዳል። ስደርስ ሦስቱም ይጮሃሉ። የመካከለኛውን መንደር ሞተር ብነካው እጄን አቃጠለኝ። አሮጌ ነው፤ የሁለቱን ግፊት ማለፍ ስላቃተው ሆዱ ውስጥ የያዘውን ውሃ እየናጠ ያሞቃል። መብራት ይበላል እንጂ ውሃ አይጨምርም። ቧንቧውም ጠባብ ነው፣ ለሁለት እንጂ ለሦስት አይበቃም። ፀሐይ ከፍ ስትል ትራንስፎርመሩ ጭነቱን መቻል ያቅተዋል፤ ፊውዙ ይቃጠልና ሦስቱም ዝም ይላሉ። ያኔ ውሃው ገና መንገድ ላይ እያለ ይቀራል፣ አክስቴ ጋ የሚደርስ የለም።

አሮጌውን አጠፋሁት። የሁለቱ ድምፅ ወዲያው ቀለለ፤ ገንዳው ላይ የሚወርደውም ውሃ ያን ያህል አልቀነሰም። ደስታዬን ሳልጨርስ አንድ የመካከለኛው መንደር አባወራ መቆፈሪያውን እንደያዘ መጣ።

«ኧረግ! ምን በደልንህ?»

«ኧረ ምንም። ይህ ሞተር ሥራ የለውም፣ መብራት ነው የሚጨርሰው።»

«የነሱ ሲሠራ የኛ ቁጭ ብሎ ሊያይ? ነገ ወንፈል ስንወጣ በምን ዓይናችን እናያቸዋለን?»

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። ወንፈል ላይ፣ ማሳ በየተራ ተጋግዞ ሲታጨድ፣ ቆሞ ያየ ስሙ በክፉ ይነሳል፤ እነሱም ሞተሩን ከመንደሩ የሥራ እጅ ቆጥረውታል። መሬት ላይ በእንጨት ጫፍ ቧንቧ ስዬ ስለ ግፊቱም ስለ መብራቱም አስረዳሁ። የሦስቱም መንደር ሰዎች በአክብሮት ሰሙኝ፣ «እውነት ብለሃል» አሉኝ፣ ከዚያ ሄደው አሮጌውን አስነሱት። ረፋዱ ላይ ፊውዙ ተቃጠለ። በማግስቱም እንደዚያው። ንዴቴ ልክ አጣ፤ ቦዩን ተከትዬ ስወጣና ስወርድ ዋልኩ፤ ሰው «ምን ጠፍቶበት ነው?» ሳይለኝ አይቀርም።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንቆራጠጥ፣ አንድ ሰው ቄሱን ለተዝካር ሲጠራቸው ሰማሁ። «እመጣለሁ፤ በዚህ ሳምንት ሰሞነኛው ሌላ ነው፣ የቅዳሴ ተራ የለብኝም» አሉት። ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አባ፣ ሰሞነኛ ያልሆነ ቄስ ሰነፍ ይባላል ወይ?»

«ምነው ልጄ፣ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ሰነፍ ይባላል እንዴ?»

«እንግዲያውስ ሞተሮቹን ሰሞነኛ ያድርጉልኝ!»

ቄሱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ግን ሳቁን ትተው የሦስቱን መንደር ሽማግሎች አስጠሩ። ሁለት ሞተር ሳምንቱን ይሠራል፣ አንዱ ያርፋል፣ በየሳምንቱ ተራው ይለወጣል፤ ሁሉም ያገለግላል፣ ማንም አይቀርም አሏቸው። ሽማግሎቹ አጉረመረሙ፣ ተያዩ። ቀድሞ የተናገረው መቆፈሪያ ይዞ የመጣብኝ ሰውዬ ነው።

«እንግዲያስ መጀመሪያ የኛው ይረፍ። ሽማግሌ ነው።»

እኔም ሽማግሌውን ሞተር ፈትቼ ውሃ የሚገፋውን የተበላ መሽከርከሪያ ለመቀየር ጊዜ አገኘሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ተነሡ። እኔ የውሃውን ራስ ተከትዬ ቦይ ለቦይ እሮጣለሁ፣ ቅጠል ሲዘጋው በእግሬ እጠርጋለሁ፣ በየማሳው ዳር «አሁን ደግሞ ከውሃ ጋር ነው እሽቅድምድሙ» እያሉ ይስቁብኛል። ረፋድ ሆነ፣ ፊውዙ አልተቃጠለም። ቀትር ሆነ፣ አልተቃጠለም። ልቤ ግን አላመነም፤ በየደቂቃው ቆሜ የሞተሮቹን ድምፅ አዳምጣለሁ።

የቦዩ መጨረሻ ላይ አክስቴ ቆመዋል። አጠገባቸው ሰውዬው አለ፤ ሊረከብ መጥቶ ማሳውን በዓይኑ እየለካ ነበር። ውሃው ቀጠን ብሎ፣ አፈር እየላሰ መጣና የመጀመሪያውን መደብ ነካ። አክስቴ ጎንበስ አሉ፣ ከውሃው ዘግነው ፊታቸውን አበሱ፣ ቀና ሲሉ የውሃውንና የእንባቸውን መለየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ።

«ዓመት ያድርሰን፣ ልጄ» አሉት በእርጋታ።

ገባው። ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣና በመጣበት ተመለሰ። አክስቴ ኮረብታውን እስኪያልፍ እንኳ አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን አገልድመው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

«አንተስ ምን ትገተራለህ?» አሉኝ፤ «አካፋውን አምጣ እንጂ፣ ውሃው እኮ ወደ ሰው ማሳ እየሄደብኝ ነው!»