የአባቴ ካራና የግሪኩ ሰይፍ

ዛሬ ከነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የተመረቁ ልጆች ሆሳዕና ከተማ መድረክ ላይ ቆመው «ሰይፍ የተባለው በግሪኩ ማኻይራ ነው» ሲሉ ጉባኤው በእልልታ ይቀበላቸዋል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ እስቃለሁ። እነሱ ሳይወለዱ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ይህን ቃል እዚሁ አገር የተናገርኩት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ የለም። ከሚስዮኑ ግቢ ሽፋኑ ተገንጥሎ የተጣለ መዝገበ ቃላት አነሳሁ፤ እንግሊዝኛውንም ግሪኩንም ከእሱ ለቀምኩ። በአገሬ በሌሞ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

አባቴ ያኔ ሸምግሎ ነበር። እናቴ ቀድማው አምና፣ ተጠምቃ፣ ሞታ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀብራለች። ያልተጠመቀ ሰው እዚያ አይቀበርም። አባቴ መጠመቅ የፈለገው ከእሷ ጎን ለመተኛት ነው፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀም።

ደንቡ ተጠማቂ ጦሩንና ሰይፉን በሽማግሌዎች ፊት እንዲያስረክብ ያዝዛል። አባቴ ጦሩን አስረከበ፤ ሰይፍ አልነበረውም። ካራው ግን ወገቡ ላይ ቀረ። የሰፈሩን የቅርጫ በሬ የሚበልተው እሱ ነው፤ ሥጋውን እንሰት ቅጠል ላይ ሲደለድል ድርሻዬ አነሰ ያለ ሰው አላየሁም።

አንዱ ሽማግሌ «ካራውስ?» አለ።

ሰባኪው ከሌላ አገር የመጣ፣ ሃዲይኛ የማያውቅ ሰው ነበር። «መጽሐፉ የሚለው ሰይፍ ነው፤ እስቲ እናስብበት» አለ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ዝም የሚለው የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ አውቅ ነበር፤ ተነሣሁ።

«ሰይፍ የተባለው በግሪኩ ማኻይራ ነው። አብርሃም ልጁን ሊሠዋ ያነሣው ቢላዋም በግሪኩ ብሉይ ኪዳን ይኸው ማኻይራ ነው። ካራ ኃጢአት ከሆነ ከአብርሃም ጀምሩ!»

ጉባኤው ሳቀ። ሰባኪው አልሳቀም።

«ግሪክኛ የት ተማርክ?»

«ቤቴ።»

«ቤቱ!» አለና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እንግዲህ ወንድማችን እንዳለው ከሆነ፣ ጌታ ጴጥሮስን መልስ ያለውም ካራ ነው። የሚያነሣው በእሱ ይጠፋል የተባለውም ካራ ነው። ካራውም ይውረድ።»

«አሜን!» አለ ያ ሽማግሌ።

«ወደ ሰገባው መልስ አለ እንጂ ጣለው አላለም!» ብዬ ጮህኩ። እስከ ዛሬም እንዲሁ እላለሁ።

«አስተርጉምለት» አለኝ ሰባኪው።

ፍርዱን ለገዛ አባቴ በገዛ አፌ ነገርኩት። ካራውን በእጁ ዳሰሰ።

«አንተ ልጅ፣ እስካሁን እኮ ቢላዋ ነበር» አለኝ በሃዲይኛ። «ግሪክህ ሰይፍ አደረገው። አሁን በሬውን በጥርሴ ልበልተው?»

«ምን አለ?» አለ ሰባኪው።

«ያስብበታል» አልኩት።

አላሰበበትም። ለመስቀል ሽማግሌዎቹ ድርሻቸውን ሊወስዱ መጡ፤ አባቴ በዚያው ካራ ቆርጦ ሰጣቸው። ሥጋውን የመለሰ የለም። «አሜን» ያለው ሰውዬማ «ከሻኛው ጨምርልኝ እንጂ» አለ።

አባቴ ሲሞት ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቀበርነው። ከዚያ ሆኖ ሰው ቢጣራ እናቴ መቃብር ድረስ ይሰማል።

ካራው እኔ ዘንድ ነው። እሁድ እሁድ ከካፖርቴ ሥር ታጥቄው ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። ልጆቹ ማኻይራ እያሉ ሲሰብኩ በእጄ እዳስሰዋለሁ። እስካሁን አውርድ ያለኝ የለም።